የኡሙቩሙ ትምህርት፦ ንስሐና ካሳ በሩዋንዳ ወህኒ ቤቶች

እ.ኤ.አ. በ1994 ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ በነበሩት 100 ገደማ ቀናት በሩዋንዳ ከ800 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን የሚገመት ሰው ተጨፈጨፈ፤ አብዛኛው ቱትሲ ነበር። ገዳዩም ብዙውን ጊዜ አጥር የሚጋራ ጎረቤት፣ የልጆች መምህር፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አብሮ የሚጸልይ ምዕመን ነበር። ጭፍጨፋው ሲቆም የአገሪቱ ወህኒ ቤቶች ከአቅማቸው በላይ ሞሉ። ለጥቂት መቶ ሰዎች የተሠራው የጊታራማ ወህኒ ቤት በ1995 ከስድስት ሺህ በላይ እስረኛ ታጉሮበት ነበር። ቁጭ የሚሉበት ቦታ ያጡት እስረኞች ቀንና ሌሊት ጭቃና ቆሻሻ ላይ ከመቆም የተነሳ እግራቸው እየበሰበሰ እስከ መቆረጥ ደርሷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የታሳሪው ቁጥር በመላ አገሪቱ ከ120 ሺህ አለፈ። ቀድሞ ከነበሩት 750 ያህል ዳኞች ግን ከጭፍጨፋው በኋላ የቀሩት 250 አይሞሉም ነበር።

ወንጌል ይዘው ወደነዚህ ወህኒ ቤቶች የገቡ አገልጋዮች የገጠማቸው ጥያቄ በሌላ አገር ያሉ ባልደረቦቻቸው ከለመዱት ይለያል። ሰባኪ ለሌባም ሆነ ለነፍሰ ገዳይ የሚያደርሰው የተለመደ መልእክት አለው፦ እግዚአብሔር ይወድሃል፣ ንስሐ ግባ፣ ይቅር ይልሃል። ይህ መልእክት በሩዋንዳ ብቻውን ቢነገር ምን እንደሚሆን ማሰብ አያዳግትም። ሰው የገደለው እስረኛ በዝማሬና በጥምቀት ሰላም አግኝቶ ይተኛል፤ ውጭ ያለችው መበለት ግን የባሏ አስከሬን የት እንደተጣለ እንኳ አታውቅም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው ነው። እዚህ ላይ የማስተዋውቀው የኡሙቩሙ ትምህርት ይህን አደጋ ከልቡ የተረዳ አገልግሎት በመሆኑ በአፍሪካ ካሉት የወህኒ ቤት አገልግሎቶች ሁሉ ልዩ ቦታ የሚገባው ይመስለኛል።

ቤተ ክርስቲያንም ራሷ ወደ ወህኒ የምትሄደው በንጹሕ እጅ አልነበረም። በንያማታና በንታራማ አብያተ ክርስቲያናት ተጠልለው የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እዚያው ውስጥ ተገድለዋል። በንያንጌ ቢያንስ 1,500 ሰዎች የተሸሸጉበት ቤተ ክርስቲያን በቡልዶዘር በላያቸው ላይ ፈርሷል። የደብሩ ካህን አታናሴ ሴሮምባ በአሩሻ ለሩዋንዳ ጭፍጨፋ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ተከሰው በ2006 የ15 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ በ2008 ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ችሎት ቅጣቱን ወደ ዕድሜ ልክ ከፍ አደረገው። የአድቬንቲስት ፓስተሩ ኤሊዛፋን ንታኪሩቲማናም በዚያው ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለዋል። የሩዋንዳ ካቶሊክ ጳጳሳት አባሎቻቸው ለፈጸሙት በደል ይቅርታ የጠየቁት በ2016 ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ወህኒ ቤት የሚገባ አገልጋይ ስለ ንስሐ ሲያስተምር ስለ ራሱ ቤትም ጭምር እያስተማረ ነበር።

ኡሙቩሙን የጀመረው ፕሪዝን ፌሎሺፕ ሩዋንዳ የተመሠረተው በ1995 ነው። እናት ድርጅቱን ያቋቋመው አሜሪካዊው ቻርልስ ኮልሰን የፕሬዚዳንት ኒክሰን የቅርብ ረዳት ነበር። በዋተርጌት ዘመን ፍትሕን በማደናቀፍ ጥፋተኛ ሆኖ በ1974 ወህኒ ወረደና ሰባት ወር ታሰረ። ከተፈታ በኋላ በ1976 ፕሪዝን ፌሎሺፕን መሠረተ፤ ዓለም አቀፉ ማኅበር ደግሞ በ1979 ተቋቋመ። የዚህ ማኅበር አሠራር በየአገሩ ያሉ አባላት በአገራቸው ሰዎች እንዲመሩ ያደርጋል። የሩዋንዳውን ቅርንጫፍ በሊቀ መንበርነት ከመሩት አንዱ የሺራው አንግሊካን ጳጳስ የነበሩት ጆን ሩቻሃና ናቸው። ጳጳሱ በልጅነታቸው ተሰደው በኡጋንዳ ያደጉ ሲሆኑ፣ በጭፍጨፋው የእህታቸውን ልጅ ጨምሮ ዘመዶቻቸውን አጥተዋል። የዕለት ተዕለት ሥራውን ደግሞ ለዓመታት የመሩት ፓስተር ዴኦ ጋሻጋዛ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ሐዘናቸው ገና ሳይወጣላቸው ገዳዮች ወዳሉበት ግቢ መግባት የጀመሩ ናቸው።

የኡሙቩሙ ትምህርት መነሻ ዓለም አቀፉ ማኅበር በ1990ዎቹ አጋማሽ ያዘጋጀው የሾላ ዛፍ ፕሮጀክት ነው። ስሙን ያገኘው ከሉቃስ ወንጌል፣ ከዘኬዎስ ታሪክ ነው። የቀራጮች አለቃ የነበረው ዘኬዎስ ክርስቶስን ለማየት ሾላ ላይ ወጣ፤ ክርስቶስም ወደ ቤቱ ገባ። ዘኬዎስ ማዘኑን በመናገር ብቻ አላበቃም። የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ለመስጠት፣ ያታለለውንም ሰው አራት እጥፍ ለመካስ ቃል ገባ። ትምህርቱ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። በሩዋንዳ ኡሙቩሙ የሚባለው ዛፍ ከሾላ ወገን ስለሆነ፣ ሽማግሌዎችም በጥላው ሥር ተቀምጠው ነገር ያዩ ስለነበር ስሙ አገሬውን ሳያስቸግር ተለመደ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥቂት እስረኞችና ጥቂት የተበደሉ ሰዎች ከአንድ አስተባባሪ ጋር ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በየሳምንቱ ይገናኛሉ። ተበዳዮቹ ብዙውን ጊዜ የእነዚያኑ እስረኞች ሳይሆን የሌሎች ወንጀለኞች ሰለባ የሆኑ ናቸው። ይህ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ ሁለቱም ወገን ከራሱ ጉዳይ ጋር ፊት ለፊት ከመጋጠሙ በፊት መናገርና መስማት ይለማመዳል። በየሳምንቱ አንድ አንድ ርእስ ይነሳል፦ ወንጀል ሰውን ምን ያደርጋል፣ ኃላፊነት መውሰድ፣ ኑዛዜ፣ ንስሐ፣ ይቅርታ፣ ካሳ፣ በመጨረሻም እርቅ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል። ይቅርታ የሚነሳው ኃላፊነትና ኑዛዜ ካለፉ በኋላ ነው፤ ካሳም ይከተለዋል። እርቅ ከሁሉም ኋላ ይመጣል።

ከሁሉ የሚከብደው የኃላፊነት ሳምንት ነው። በሩዋንዳ የገዳዮች ኑዛዜ በአብዛኛው የሚጀምረው በራሳቸው ላይ አይደለም፤ ሰይጣን ገባብን፣ መጥፎ መንግሥት አሳሳተን፣ ውጡ ተባልን፣ ወጣን፣ ሰዎች ሞቱ ይላሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የገደለ ሰው የለም። አስተባባሪው ጥያቄውን ደጋግሞ ያነሳል፦ አንተስ የት ቆመህ ነበር? በእጅህ ምን ይዘህ ነበር? የሟቹ ስም ማን ነበር? የለበሰው ልብስስ? ሰውየው «እኔ ገደልኩት፣ ስሙም እገሌ ነው» ለማለት ሳምንታት ሊፈጅበት ይችላል። ይህን ያለ ሰው ግን ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ ይበቃል፦ አስከሬኑ የት ነው?

ለተራፊዎች ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ አልነበራቸውም። አስከሬኖች በመጸዳጃ ጉድጓድ፣ በወንዝ፣ በሙዝ እርሻ ውስጥ ተጥለው ቀርተዋል። ቦታውን የሚያውቀው ገዳዩ ብቻ ነበር። ቦታው ሲታወቅ ቤተሰቦች ቆፍረው ያወጣሉ፣ ከቀረው ጨርቅ የዘመዳቸውን ልብስ ይለያሉ፣ በክብርም ይቀብራሉ። ኀዘናቸውን ለዓመታት ሲሸከሙ ለቆዩ ሰዎች ይህ ራሱ ካሳ ነው።

የኡሙቩሙ ትምህርት በወህኒ ቤት አጥር ውስጥ ያልቀረው ጋቻቻ በተባለው የመንደር ሸንጎ ምክንያት ነው። በመደበኛ ፍርድ ቤት ሁሉንም እስረኛ ለመዳኘት ከመቶ ዓመት በላይ ይፈጅ ነበርና መንግሥት ይህን የጥንት ሸንጎ በሕግ አሻሽሎ መለሰው። ሙከራው በ2002 ተጀምሮ በ2005 አገር አቀፍ ሆነ፣ በሰኔ 2012 ተዘጋ። ወደ 12 ሺህ ገደማ ሸንጎዎች ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ መዝገብ አዩ። ዳኞቹ ሕዝቡ በቅንነታቸው የመረጣቸው፣ ደመወዝ የማይከፈላቸው የመንደር ሰዎች ነበሩ። ኑዛዜው ተቀባይነት እንዲያገኝ ተከሳሹ ያደረገውን በዝርዝር መናገር፣ ግብረ አበሮቹን መጥቀስ፣ አስከሬኑ ያለበትን ማሳየትና በአደባባይ ይቅርታ መጠየቅ ነበረበት። በወህኒ ቤት ሰልጥኖ የወጣው እስረኛ ወደ መንደሩ ሸንጎ ሲቀርብ የሚጠበቅበትን ያውቀዋል፤ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ተለማምዶታል።

ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል። በ2004 በወጣው ሕግ መሠረት ሳይናዘዝ የተፈረደበት ገዳይ ከ25 እስከ 30 ዓመት ሲጠብቀው፣ ስሙ በተጠርጣሪዎች ዝርዝር ከመግባቱ አስቀድሞ የተናዘዘ ከ7 እስከ 12 ዓመት ይፈረድበት ነበር። ከዚያም ግማሹን በእስር ሳይሆን መንገድና ቤት በመሥራት ሊጨርሰው ይችላል። በ2003 መጀመሪያም ከ20 ሺህ በላይ የተናዘዙ፣ ያረጁና የታመሙ እስረኞች በጊዜያዊነት ተለቀዋል። ኑዛዜ ይህን ያህል ዋጋ ሲያወጣ የልቡን የሚናገረውንና ቀኑን የሚቆጥረውን መለየት ያስቸግራል። የተራፊዎች ማኅበራት ብዙዎቹ ኑዛዜዎች ግማሽ እውነት መሆናቸውን፣ የሞተ ወይም የተሰደደ ግብረ አበር ብቻ እየተጠቀሰ ሕያው ባለሥልጣን መሸፈኑን ሲናገሩ ቆይተዋል። ምስክር የሆኑ ተራፊዎች የተገደሉበት ጊዜም አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2011 ባወጣው ዘገባ በሐሰት የተከሰሱ፣ የመከላከል መብታቸው የተጣበበባቸው ሰዎችም እንደነበሩ ገልጿል። በተራፊዋም ላይ ጫና ነበረ፤ መንግሥት እርቅ ይፈልጋል፣ ሰባኪው ይቅር በዪ ይላል፣ ጎረቤት ይመለከታል። በእንዲህ ያለ ግፊት የተገኘ ይቅርታ ይቅርታ ነው ለማለት እኔ አልደፍርም።

አገልግሎቱን ከዚህ ፈተና የሚያድነው ከስብከት በኋላ የሚመጣው ሥራ ነው። ፕሪዝን ፌሎሺፕ ሩዋንዳ ከ2005 ጀምሮ የእርቅ መንደሮችን አቋቋመ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ከኪጋሊ በስተደቡብ በቡጌሴራ ወረዳ የሚገኘው ምብዮ ነው፤ ከንያማታ ቤተ ክርስቲያን ብዙም አይርቅም። ከወህኒ የወጡት ሰዎች ቤታቸው ለተቃጠለባቸው መበለቶች የጭቃ ጡብ መቱ፣ ግድግዳ አቆሙ፣ ቆርቆሮ አለበሱ። ከዚያም ጎን ለጎን መኖር ጀመሩ። የሁለቱም ወገን ሴቶች አብረው ቅርጫት ይሰፋሉ፣ ማሳም በጋራ ያርሳሉ። መንደሮቹ ለጎብኚ የሚታዩ ማሳያዎች ናቸው፣ ድሃዋ ተራፊም ቤት ለማግኘት ሌላ ምርጫ አልነበራትም የሚል ትችት ይሰነዘራል፤ ትችቱ መደመጥ አለበት። ቢሆንም አንድ ነገር መካድ አይቻልም፤ ጡብ የሚመታ ሰው ለወራት የሚሠራው ለራሱ ቅጣት ማቅለያ የሚሆን ንግግር ሳይሆን ሌላው የሚያድርበት ቤት ነው።

በምዕራብ ሩዋንዳ፣ በቻንጉጉ ሀገረ ስብከት፣ የካቶሊኩ ካህን አባ ኡባልድ ሩጊራንጎጋ በሌላ መንገድ ወደዚያው ደርሰዋል። እናታቸውና በርካታ ዘመዶቻቸው ተገድለውባቸዋል፤ እናታቸውን ያስገደለውን ሰው ይቅር ብለው የሰውየውን ልጅ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። በሙሻካ ደብራቸው ከወህኒ የተመለሰ ምዕመን ወዲያውኑ ወደ ቁርባን አይቀርብም ነበር። ስድስት ወር ያህል ይማራል፣ የበደለውን ቤተሰብ ፈልጎ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ተራፊዎችም ለብቻቸው ይማራሉ። አባ ኡባልድ በ2021 እስካረፉ ድረስ ይህን ሲያስተምሩ ኖሩ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምዕመን ለሆነ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም፤ የነፍስ አባት ለነፍሰ ገዳይ ቀኖና ሰጥቶ ከምሥጢራት አግዶ ማቆየቱ፣ የቀማውን እንዲመልስ ማዘዙ የቆየ ሥርዓታችን ነው።

ይህ ሥራ ያለፈ ታሪክም አይደለም። ከ20 እስከ 30 ዓመት የተፈረደባቸው ሰዎች አሁን ጊዜያቸውን እየጨረሱ በመውጣት ላይ ናቸው። አብዛኞቹ ያልተናዘዙት ናቸው። የሚመለሱበት መንደር ውስጥ ወላጆቹን ያጣው ልጅ ጎልምሶ፣ ልጆች ወልዶ ይኖራል። ለነዚህ ሰዎች በወህኒ ቤት የሚሰጠው ዝግጅት ከቀድሞው ይበልጥ እንጂ ያነሰ ክብደት የለውም።

እኛም በኢትዮጵያ ከዚህ የምንማረው አለን። በእኛ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. የሃይማኖት መሪዎች ለተፈረደባቸው የደርግ ባለሥልጣናት ይቅርታ ሲያማልዱ የተነሳው ጥያቄ ይቅር የማለት መብት የማን ነው የሚል ነበር። መንግሥት የሞት ፍርዱን ወደ ዕድሜ ልክ ለወጠ፣ ብዙዎቹም ተፈቱ። በዚያ ሂደት የሟች ቤተሰብ ተቀምጦ የሚጠይቅበት፣ በዳዩም ተቀምጦ የሚመልስበት ወንበር ግን በበቂ አልተዘጋጀም። በዚሁ በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል፤ ጥያቄው ተመልሶ ደጃችን ላይ ነው። በማረሚያ ቤቶቻችን ደግሞ የጸሎት ማኅበራት፣ ሰባኪዎች፣ ዳቦና ሳሙና ይዘው የሚመላለሱ ምዕመናን ሞልተዋል። እስረኛ መጠየቅ ክርስቶስ በመጨረሻው ቀን እንደሚጠይቀን ያስተማረው ሥራ ነውና ምስጋና ይገባቸዋል። ከሩዋንዳ ወስደው ቢጨምሩበት የምመኘው አንድ ነገር ነው፦ ለታራሚው እግዚአብሔር ይቅር እንደሚለው ሲነግሩት፣ የበደለው ሰው ማን እንደሆነ፣ አሁን የት እንዳለና ምን እንደሚፈልግ አብረው ይጠይቁት። መልሱን ለተበዳዩ ለማድረስም መንገዱን ይሂዱለት። ከወህኒ የሚወጣ ሰው ከሰማይ ጋር ታርቆ ከጎረቤቱ ጋር ካልታረቀ አገልግሎቱ ከግማሽ መንገድ ቀርቷል።