ለትርፍ ጊዜ ሥራ የሚሆን አነስተኛ የእንጨት ቶርኖ ስለ መምረጥ

ቶርኖ እንጨትን እያሽከረከረ በመሮ የሚያስቀርጽ መኪና ነው። ይህ መኪና ከአናጢ ቤት ሌላ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ሳህንና ጽዋ ወይም የወንበር እግር መቅረጽ ደስ በሚላቸው ሰዎች ዘንድም ይፈለጋል። እነዚህ ገዢዎች ገንዘባቸው ልክ ያለው ስለሆነ አስቀድመው የሚጠይቁት ዋጋውን ነው። አስመጪው ይህን አይቶ ርካሹን ብቻ ያስመጣ እንደሆነ ግን ጉዳቱ ከገዢው ዐልፎ ለራሱ ይተርፋል።

የመኪናው ዋጋ የወጪው መጀመሪያ ነው። ሦስት ወይም አራት መሮ፣ መሳያ ድንጋይ፣ መንጋጋ ያለው መያዣና የፊት መከላከያ ሲጨመሩ ድምሩ የመኪናውን ዋጋ ሊያህል ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው መያዣው የሚታሰርበት የዘንጉ ጥርስ ነው። በአሜሪካ አነስተኛ ቶርኖዎች ዘንድ የተለመደው ስፋቱ 1 ኢንች ሆኖ በአንድ ኢንች 8 ጥርስ ያለው ሲሆን፣ በአውሮፓ ደግሞ ባለ 33 ሚሊሜትሩ በብዙ መኪና ላይ ይገኛል። ከተለመዱት ውጭ የሆነ ጥርስ ያለው መኪና በርካሽ ቢገኝም መያዣ ስለማይገኝለት ገዢው ወደ ሱቁ ተመልሶ መሟገቱ አይቀርም። ስለዚህ ትእዛዝ ከመላኩ በፊት የጥርሱ ልክ በጽሑፍ ይጠየቅ።

ሁለተኛው የመብራቱ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ሳይክል ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ሞተር ግን ባለ 120 ቮልትና ባለ 60 ሳይክል ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ሳይክሉን አይለውጥም፤ በዚህም ምክንያት ተራው ኢንዳክሽን ሞተር ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል፣ መጋሉም ያሰጋል።

ክብደትን በሚመለከት፣ ከጊዛ የተሠራው ከቆርቆሮው ይመረጣል፤ መንቀጥቀጥን ይችላልና። ስፋቱ 25 ሳንቲሜትር ለሚደርስ ሳህን የግማሽ ፈረስ ጉልበት ይበቃል። ነገር ግን ገና ያልተስተካከለ ግንድ በፍጥነት ሲዞር ተፈናጥሮ ሰው ሊጎዳ ስለሚችል፣ ዝቅተኛው ፍጥነት በደቂቃ ከ500 ዙር የማይበልጥ ቢሆን ይሻላል።

ያገለገለ ቶርኖ የሚገዛ ሰው የፊቱንና የኋላውን ሹል አቀራርቦ መገጣጠማቸውን ይመልከት። ከዚያም ቺንጋውን አውልቆ ዘንጉን በእጁ ያዙር፤ ቢንኳኳ ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው። ኩሽኔታ በቁጥሩ ተፈልጎ ስለሚተካ ዋጋ ያስቀንሳል እንጂ ግዢውን አያስቀርም፤ የተሰነጠቀ ጊዛ ግን በምንም ዋጋ የሚወሰድ አይደለም።