ከአጣዬ ወደ ሐይቆቹ፦ በተሳቢ የምትሄድ ትንሽ ጀልባ አመራረጥ

አጣዬ ሐይቅ የላትም። ከምዕራብ ተራሮች ወርደው የይፋትን ቆላ አቋርጠው ወደ አዋሽ የሚያመሩት ወንዞች ክረምት ላይ ድንጋይ እያንከባለሉ ይደርሳሉ፤ በጋ ሲገባ አሸዋና ጠጠር ብቻ ትተው ይሄዳሉ። ጀልባ የሚያንሳፍፍ ውኃ ከነሱ አይጠበቅም። ከተማዋ ያላት መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ የሚደርሰው የ401 ኪሎ ሜትር አውራ ጎዳና መሀሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ወደ ሰሜን በከሚሴና በኮምቦልቻ ዘልቆ፣ ደሴን አልፎ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ሐይቅ ከተማ አለች። ወደ ደቡብ ጣርማበርን ወጥቶ አዲስ አበባን ያለፈ ሰው ደግሞ ቆቃን፣ ዝዋይን፣ ላንጋኖን፣ ሐዋሳን፣ አባያንና ጫሞን በተርታ ያገኛቸዋል። አጣዬ ተቀምጦ ጀልባ የሚመኝ ሰው እንግዲህ ከመኪና ኋላ ተስባ የምትሄድ ጀልባ ነው የሚያስፈልገው። ነጋዴውም ሆነ ካታሎጉ አስቀድሞ የሚያወራው ስለ ውኃው ነው። እኔ ግን በሀገራችን ጀልባ መመረጥ ያለባት በመጀመሪያ በመንገዱና በምትወርድበት ዳር ነው ባይ ነኝ።

ጀልባ በየብስ ተሸክሞ ውኃ ፍለጋ መሄድ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1903 እ.ኤ.አ. ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ የብረት ጀልባዎች አስጭኖ ዐባይ ሸለቆ ድረስ ቢያወርድም፣ ብዙ ሳይርቅ ወንዙ ሰባበረበት። በ1968 እ.ኤ.አ. በንጉሠ ነገሥቱ ግብዣ የመጣው የጆን ብላሽፎርድ ስኔል ጓድ ለላይኛው ዐባይ የመረጠው በአየር የሚነፋ የጎማ ጀልባ ነበር። ጉዞው የሰው ሕይወት አስከፍሏል፤ የጎማ ጀልባ ግን ድንጋይ ሲመታ ከመሰበር ይልቅ እንደሚነጥር ያን ጊዜ በደንብ ታየ። ከአምስት ዓመት በኋላ ኦሞን በጀልባ የወረዱት አሜሪካውያንም በዚሁ ዓይነት ነበር የተጓዙት። በቅርቡ ደግሞ «ጣናነሽ ፪» የተባለችው ትልቅ ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ በከባድ ተሳቢ ተጭና ሀገር አቋርጣ ጣና ገብታለች። የመንገዱን ጥበትና ኩርባ፣ ከላይ የሚያልፈውን ገመድ ያየ ሰው ውኃ ላይ ከመንሳፈፏ ይልቅ እዚያ መድረሷ የበለጠ ሥራ እንደጠየቀ ይረዳል። የአራት ሜትር ጀልባ የሚጎትት ሰው የሚገጥመው ችግርም ያው ነው፤ መጠኑ ብቻ ነው የሚያንሰው።

ውኆቹ እርስ በርስ አይመሳሰሉም። ከእነዚህ ለአጣዬ የሚቀርበው ሐይቅ፣ ከሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለውና የእስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝበት፣ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ጥልቀቱ ግን እስከ 88 ሜትር ይወርዳል። ከዳሩ ጥቂት ሲርቁ መልህቅ መሬት አይነካም፤ ሞተር ቢጠፋ የሚያተርፈው መቅዘፊያ ነው። ዝዋይ ተቃራኒው ነው፤ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፣ አማካይ ጥልቀቱ ግን ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውኃ ነፋስ ሲያገኘው አጭርና ቀጥ ያለ ሞገድ ያነሳል፤ ትንሽ ጀልባን የሚያስጨንቀው እንዲህ ያለው ሞገድ ነው። አባያና ጫሞ ከሰዓት በኋላ ይናወጣሉ፤ ጫሞ በአዞና በጉማሬ የታወቀ ስለሆነ ጠርዟ ዝቅ ያለ ጀልባ እዚያ አይወሰድም። ጣና ላይ አዞ የለም፣ ጉማሬ ግን አለ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የተንሰራፋው እምቦጭ ደግሞ ፕሮፔለር ላይ ተጠምጥሞ ሞተር ያቆማል።

ከወንዞቹ ባሮ ብቻ ነው የመርከብ ታሪክ ያለው። በ1902 እ.ኤ.አ. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ሆና፣ ክረምት ላይ ውኃው ሲሞላ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከሱዳን ይመጡ ነበር። አዋሽ ለአጣዬ ይቀርባል፤ ግን አዞ አለበት፣ ዳሩ ገደልና ቁጥቋጦ ነው፣ ውኃውም በጋና ክረምት ፈጽሞ ይለያያል። በአዋሽ ላይ መዝናናት ለሚፈልግ ቆቃ ይሻለዋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ኋላ የተኛው ንጋት ሐይቅም ከእንግዲህ የጀልባ ሰዎች የሚነጋገሩበት ስፍራ መሆኑ አይቀርም፤ ከይፋት ግን ሩቅ ነው።

ወደ ጀልባዎቹ ስንመጣ፣ ቀዳሚዋ ታንኳ ናት። ከደንገል ታስራ የምትሠራው የጣና ታንኳ በአንድ ሰው ትከሻ ትነሳለች፤ ውኃ እየጠጣች ስለምትከብድ ግን ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ዳር ወጥታ ፀሐይ ላይ መቆም አለባት። ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ለማቋረጥ የሠራት «ራ» ደንገሏ ከጣና ተቆርጦ ግብጽ ድረስ የተጓዘ ነበር፤ እሷም መጨረሻ ላይ በውኃ ርሳ ተፈታታለች። ታንኳ ለሠሪዋና ለሐይቋ ናት፤ በአስፋልት የምትንከራተት አይደለችም።

ፋይበር ግላስ ጀልባ በየመዝናኛው የምናያት ናት። መልኳ ያምራል፣ ታችዋ ሹል ከሆነ ሞገዱን ትሰነጥቃለች። ችግሩ ክብደቷ ነው፤ አራት ሜትር ተኩል የምትሆነው ባዶዋን ብዙ ጊዜ 300 ኪሎ ትደርሳለች ወይም ታልፋለች፣ ድንጋይ ላይ ብትጎተትም ትሰነጠቃለች። ስንጥቁን መድፈን ይቻላል፣ ሙጫውና ጨርቁ ግን በየከተማው አይገኝም። የአሉሚኒየም ጀልባ በዚያው ርዝመት ከግማሽ በታች ልትመዝን ትችላለች። ድንጋይ ሲመታት ትጎረብጣለች እንጂ አትሰነጠቅም፤ የጎረበጠው በመዶሻ ይመለሳል፤ የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠሩት ሁሉ ባይሆኑም በጋዝ የሚበይድ ባለሙያ ካለ ይጠገናል። ድምፅዋ ይበዛል፣ ነፋስም ይገፋታል። ለይፋት ሰው ግን የምመርጠው ይህችኑ ነው። የጎማ ጀልባ አየሯ ወጥቶ ፒክአፕ ላይ ስለምትጫን ተሳቢ እንኳ አትሻም፤ የቆላው ፀሐይ ግን መጋጠሚያ ሙጫዋን ያላላዋል፣ በዳሩ ያለው የተቆረጠ ደንገል ጉቶና እሾህም ጠላቷ ነው።

የታችኛው ቅርጽ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፍጹም ጠፍጣፋ ወለል ያላት ጀልባ ጥልቀት በሌለው ዳር ትገባለች፣ ቆመው ዓሣ ቢያጠምዱባትም አትወላወልም፤ የዝዋይ ከሰዓት ሞገድ ላይ ግን ወገብ ትሰብራለች። ከፊት ሹል ሆና ወደ ኋላ የምትለጠጥ፣ ጠርዟ ከግማሽ ሜትር የማያንስ፣ አራት ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ጀልባ ለሦስት ሰው፣ ለዳሩም ለሞገዱም ትበቃለች።

ሞተሩ ሲመረጥ ከፍታ መረሳት የለበትም። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ሦስት በመቶ ያህል ያጣል። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ስለዚህ 15 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው እዚያ ከ12 ብዙም አይበልጥም። ነጋዴው ይህን አይነግርም፤ ሞተሩ ሙሉ ዙሩን አልደርስ ሲል ግን እርምጃው ያጠረ ፕሮፔለር መቀየር ይረዳል። ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ቀላል ነው፤ በ15 የፈረስ ጉልበት 40 ኪሎ አይሞላም፣ ጥገናውም በየሐይቁ ዳር ይታወቃል። ባለ አራት ስትሮኩ 50 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ነገር ግን ዘይት ከቤንዚን ጋር አያቃጥልም። ሰውና ከብት የሚጠጣው ሐይቅ ላይ ለሚጓዝ ሰው ይህ ልዩነት ሚዛን ሊደፋ ይገባል፤ አሥር ኪሎ ብዙ አይደለም።

አሁን ወደ መንገዱ። ከጣርማበር ዋሻ አፍ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ፣ ደብረ ሲናን አልፎ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ተሳቢ መኪናውን ከኋላ ይገፋዋል። በአውሮፓ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል፤ እኛ ቁልቁለቱን አይተን ለቀለለውም ብናስገጥም ነውር የለውም። በከባድ ማርሽ መውረድ፣ ጭነቱን ከጎማዎቹ ትንሽ ወደ ፊት ማድረግ፣ የኋላው ከከበደ ተሳቢው እንደሚወዛወዝ ማወቅ ያስፈልጋል። የጀልባ ተሳቢ ጎማ ትንሽ ስለሆነ ከመኪናው ጎማ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይሽከረከራል፤ ኩሽኔታውም ይግላል። በየማረፊያው በእጅ ጀርባ ነካ አድርጎ ማየት ነው፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግራሶው አልቋል ወይም ኩሽኔታው ላልቷል። የጋለ ኩሽኔታ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውኃውን ይስባል፤ ዝገቱ የሚጀምረው ያን ዕለት ነው። ሐይቅ ዳር ሲደርሱ መጀመሪያ ሻይ መጠጣት፣ ከዚያ ጀልባ ማውረድ።

ማውረጃው ደግሞ በአብዛኛው ሐይቅ ላይ የተሠራ የለም። ያለው ጭቃ፣ ሣር፣ ከብት የሚጠጣበት ተዳፋት ነው። መኪናውን ከኋላ እያስጠጉ ተሳቢውን ውኃ ውስጥ ከመክተት ይልቅ፣ ለስላሳውን መሬት በእግር ሄዶ መሞከርና መኪናውን ደረቅ ላይ ትቶ ጀልባዋን በሰው ኃይል ማውረድ ይሻላል። ፈተናው እዚህ ነው፤ ሞተሯ ተነቅሎ አራት ሰው አንስቶ ሃያ እርምጃ ሊወስዳት የማይችል ጀልባ፣ ለሀገራችን ዳር ከብዳለች። የአካባቢው ሰው ያግዛል፤ ከማውረድ በፊት ግን ማን ዓሣ እንደሚያሰግር፣ መረቡ የት እንደተዘረጋ፣ የገዳሙ ክልል ከየት እንደሚጀምር መጠየቅ ግዴታ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ሴት የማትገባበት ገዳም ነው፤ በጀልባ የመጣ እንግዳም ወደ ዳሩ ሲጠጋ ሥርዓቱን ይጠብቃል።

በሀገር ውስጥ ውኃ ለሚንቀሳቀሱ ጀልባዎች ኃላፊነቱ የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ነው፤ ሰው አሳፍሮ ገንዘብ ለመቀበል የሚያስብ ከግዢው በፊት ፈቃዱን እዚያ ይጠይቅ። ለራሱና ለቤተሰቡ የሚገዛ ደግሞ ከጀልባዋ ዋጋ ላይ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሚሆን ላይፍ ጃኬት፣ ሁለት መቅዘፊያና ረጅም ገመድ የሚገዛበትን ይቀንስ። የመጀመሪያውን ጉዞ በማለዳ፣ በሐይቅ ከተማው ሐይቅ ላይ ያድርገው፤ ረፋዱ ላይ ነፋሱ ሳይነሳ ዳር ይዞ ይመለስ። ዝዋይን ቀጥሎ ይሞክር፤ አባያን ለብዙ ወራት ያቆየው።