የከተማው ሬዲዮ ከተማውን ለምን ረሳ?

አሜሪካ ውስጥ የቶክ ሬዲዮ ጣቢያው በከተማው ስም ይጠራል፤ የሚናገረው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ግዛት ነው ያለው። ብዙዎች ነገሩን በ1987 (እ.ኤ.አ.) ከተሻረው፣ ጣቢያዎች አከራካሪ ጉዳዮችን ሲያነሱ የተለያዩ አመለካከቶችን እንዲያቀርቡ ያስገድድ ከነበረው የሚዛናዊነት ደንብ ጋር ያያይዙታል። ደንቡ መሻሩ የንግግሩን ቃና ለውጧል። የአካባቢውን አዘጋጅ ከወንበሩ ያስነሳው ግን፣ በሙያዬ ዓይን ሳየው፣ ሂሳቡ ነው።

እንደ ቶክ ሬዲዮ አዘጋጁ ራሽ ሊምቦ ፕሮግራም ያለ፣ በ1988 በአገር አቀፍ ደረጃ መሰራጨት የጀመረ ፕሮግራም ለትንሽ ጣቢያ ብዙ ጊዜ ያለ ክፍያ ይሰጥ ነበር። ጣቢያው በምትኩ ከየሰዓቱ ጥቂት የማስታወቂያ ደቂቃዎች ይለቃል፤ የቀረውን ራሱ ይሸጣል። የከተማው አዘጋጅ ግን ደመወዝ ይፈልጋል፣ ፕሮዲዩሰር ይፈልጋል፣ ስልክ የሚቀበልለት ሰው ይፈልጋል። የ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ አንድ ኩባንያ በአገሪቱ ሊይዝ የሚችለውን የጣቢያ ብዛት ገደብ ሲያነሳ፣ ክሊር ቻነል የተባለው የሬዲዮ ኩባንያ ብቻውን ከ1,200 በላይ ጣቢያዎች ሰበሰበ።

ውጤቱን ለማየት ማይኖት፣ ሰሜን ዳኮታን ተመልከቱ። በጥር 2002 አንድ ሌሊት ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ መርዛማ የአሞኒያ ጋዝ ከተማው ላይ ተለቀቀ፤ አንድ ሰው ሞተ። ስድስት የከተማው ጣቢያዎች የክሊር ቻነል ነበሩ። ፖሊስ ቢደውል የሚያነሳለት አጣ። ኩባንያው ጥፋቱ ፖሊስ የማስጠንቀቂያ መሣሪያውን በትክክል አለመጠቀሙ ነው ብሎ ተከራክሯል። ይሁን እንኳ። ስቱዲዮ ውስጥ ነቅቶ የሚያድር አንድ ጋዜጠኛ ቢኖር «መስኮት ዝጉ፣ ከቤት አትውጡ» ለማለት ማይክሮፎኑን መክፈት ብቻ ይበቃው ነበር።