ንግግርን የማቃናት ሙያ

«ወደ ፊት ምን ለመሆን ታስባለህ?» ተብለን ስንጠየቅ ብዙዎቻችን ሐኪም፥ መሐንዲስ ወይም መምህር ብለን እንመልሳለን። የንግግር ሐኪም እሆናለሁ የሚል ግን እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ የዚህን ሙያ ምንነት በአጭሩ መግለጽ ተገቢ ነው።

የንግግር ሐኪም ተግባሩ ሰው አሳቡን በቃል እንዳይገልጽ የሚያግደውን ችግር መርምሮ በልምምድ መርዳት ነው። ችግሩም ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ይንተባተባል፤ ሌላው ላንቃው ተሰንጥቆ ይወለዳል፤ ሌላው ጆሮው ስለማይሰማ ቃል ሳይለምድ ያድጋል፤ አዋቂውም አንጎሉ በሕመም ሲጎዳ አንደበቱ ይታሰራል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ1861 (እ.ኤ.አ.) «ታን» ከሚል ድምፅ በቀር መናገር የተሳነውን ሰው ከሞተ በኋላ መርምሮ ጉዳቱን በአንጎሉ ግራ በኩል አገኘ። ሰውዬው ግን በሕይወቱ ሳለ የሚነገረውን ይረዳ ነበር። እንግዲህ አንደበቱ የተያዘ ሁሉ ማስተዋሉን ያጣ አይደለም።

ላንቃው የተሰነጠቀ ልጅ ሲናገር አየር በአፍንጫው ስለሚያመልጥ «በ» እና «ሰ» በደንብ አይጠሩለትም። ቀዶ ጥገና ስንጥቁን ይዘጋል እንጂ ሥር የሰደደውን የአነጋገር ልማድ ሁልጊዜ አያስለቅቅም። እዚህ ላይ የንግግር ሐኪሙ ምላስና ከንፈር የት እንደሚያርፉ እያሳየ ልጁን ያለማምዳል።

ይህም ሙያ የሕዝቡን ቋንቋ ማወቅ ይጠይቃል። «ጠ»፥ «ጨ» እና «ቀ» ጉሮሮ ተዘግቶ፥ አየር በአፍ ውስጥ ታምቆ ሲለቀቅ የሚወጡ ድምፆች ናቸው። እንግሊዝኛ እነዚህን ራሳቸውን የቻሉ ድምፆች አድርጎ ስለማይቈጥራቸው ለእንግሊዝ ልጆች የተዘጋጀ መመርመሪያ ለእኛ ልጆች አይበቃም። ኢትዮጵያዊው አበባየሁ መሰለ በሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያጠኑት ላንቃቸው በቀዶ ጥገና የተዘጋላቸውን አማርኛ ተናጋሪ ልጆች አነጋገር ነው።

በመተማ ምድር የምናድግ ተማሪዎች አማርኛ፥ ጉሙዝኛና ዓረብኛ እንሰማለን። ይህ ለሙያው መልካም ስንቅ ነው። የሚመኘውም ሥነ ሕይወትን፥ በፊዚክስ የድምፅን ትምህርትና ቋንቋን ጠንክሮ ይማር፤ ከሁሉ በላይ ትዕግሥትን ይልመድ።

እስከዚያው ግን ሁላችንም የምንሠራው አለ። መልሱን እያወቀ ሳቃችንን ፈርቶ እጁን የማያነሣ ጓደኛ በየክፍሉ ይኖራል። ሙሴ ኮልታፋ ሳለ ሕዝብ መርቷል። እንግዲህ ጓደኛችን ሲንተባተብ ቃሉን አንንጠቀው፥ አንሳቅበትም፤ እስኪጨርስ ታግሠን እናድምጠው።