ከግሱ የጎደለችው «ኤስ»

የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት። በቅርቡ ሁለት የእንግሊዝኛ ወረቀት ይዛ መጣች። አንደኛው የምርጫ ፈተና ነው፤ በባለቤትና በግስ ስምምነት ላይ ከቀረቡት አሥር ጥያቄዎች ዘጠኙን አግኝታለች። ሁለተኛው ስለ ቤተሰቧ የጻፈችው አጭር አንቀጽ ነው። «ማይ ግራንድማዘር ሊቭ ኢን ደሴ» ብላ ትጀምርና «ዘይ ላቭ ኮፊ» ብላ ትቀጥላለች። አንቀጹ በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉሯል፤ ከግርጌው «ስምምነት አታውቂም» የሚል ማስታወሻ አለበት። ያቺው ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ አዋቂም አላዋቂም ተብላለች።

እኔ ግን አንቀጹን ደጋግሜ ሳነበው ልጅቷ ስምምነትን ጠንቅቃ እንደምታውቅ ታየኝ። አያቷ አንቱ የሚባሉ ናቸው። በአማርኛ «እሳቸው ይኖራሉ» ስንልም፣ «እነሱ ይኖራሉ» ስንልም ግሱ አንድ ነው። «አያቴ ደሴ ይኖራሉ» እያለች ያደገች ልጅ እንግሊዝኛ ስትጽፍ ግሱን ወደ ብዙ ቁጥር ወሰደችው፤ አያቷን ልታከብር ብላ ነው «ዘይ» ያለቻቸው። «ፒፕል ኢዝ» ብሎ የሚጽፈውም ልጅ እንዲሁ ነው። በእኛ ዘንድ «ሕዝቡ ተሰበሰበ» እንጂ «ተሰበሰቡ» ማለት አይቀናንም። እንዲህ ያለውን ስህተት ባዶ ጭንቅላት አይሠራውም፤ ሌላ ሕግ የሞላው ጭንቅላት ነው የሚሠራው።

ያ ሌላ ሕግ ደግሞ ከእንግሊዝኛው እጅግ የረቀቀ ነው። መጣሁ፣ መጣህ፣ መጣሽ፣ መጣ፣ መጣች፣ መጣን፣ መጣችሁ፣ መጡ፦ አንድ ግስ ስምንት መልክ አለው፤ መደብን፣ ቁጥርን፣ ጾታንና አክብሮትን ባንድ ላይ ይሸከማል። እንግሊዝኛው ለስምንቱም «ኬም» ብሎ ይገላገላል። ከ«አም»፣ «ኢዝ»፣ «አር»፣ «ዎዝ» እና «ዌር» እንዲሁም ከ«ሃዝ» በቀር የእንግሊዝኛ ስምምነት ማለት በአሁን ጊዜ፣ በሦስተኛ መደብ ነጠላ ቁጥር ላይ የምትለጠፍ አንዲት «ኤስ» ናት። ሰባተኛ ክፍል ገብቶ «መጣች»ን ከ«መጣ» የማይለይ አማርኛ ተናጋሪ ልጅ አላየሁም። ትምህርቱ ከዚህ ቢጀመር ምን ነበረበት? «ስምምነትን ታውቃላችሁ፤ እንግሊዝኛ በጣም ጥቂቷን ብቻ ነው ያስቀረው» ብሎ የሚገባ መምህር የክፍሉን ግማሽ ፍርሃት በመጀመሪያው ደቂቃ ያባርራል።

እርግጥ ነው፣ ያቺ ጥቂት ነገር ተንኮለኛ ናት። ስም ላይ ስትለጠፍ ብዙነትን ታመለክታለች፤ ግስ ላይ ስትለጠፍ ነጠላነትን። «ቦይስ ራን»፣ «ቦይ ራንስ»። ለጆሮም አትመችም። «አስክስ» በሚለው ቃል መጨረሻ ሦስት ተነባቢ ይደረደራል፤ አማርኛ ደግሞ በቃል መጨረሻ ከሁለት በላይ አይደርብም። ትርጉምም አትጨምርም፤ «ሺ ሊቭ» ያለውን ሰው ሁሉም ይረዳዋል። ስለዚህ ዘግይታ ትመጣለች። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮጀር ብራውን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ ሕፃናት እንኳ ይህችን ቅጥያ ከብዙዎቹ ቅጥያዎች ኋላ እንደሚይዟት አሳይተዋል። አዋቂዎቹም አይድኑም፤ ተመራማሪዎቹ ካትሪን ቦክ እና ካሮል ሚለር እ.ኤ.አ. በ1991 እንዳሳዩት በባለቤቱና በግሱ መሃል ሌላ ብዙ ቁጥር ስም ሲገባ የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው ይሳሳታሉ። ይህን የሚያውቅ አስተማሪ ባንድ ሳምንት ትምህርት ጨርሻታለሁ አይልም።

በእኛ አገር ጉዳዩ ከሰዋስው አልፎ ይሄዳል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። በአዲስ አበባ ሽግግሩ ቀድሞ ሰባተኛ ክፍል ላይ ይመጣል። በዚያ ዓመት ልጁ ሳይንሱን በእንግሊዝኛ መማር ይጀምራል። የሳይንስ ቋንቋ ደግሞ የዚህችው «ኤስ» ቤት ነው፦ ውሃ ይፈላል፣ ልብ ደም ይረጫል፣ መሬት ፀሐይን ትዞራለች፤ ሁሉም አሁን ጊዜ፣ ሁሉም ነጠላ ሦስተኛ መደብ። ይሁንና የእንግሊዝኛው መምህር በሳይንስ መጽሐፉ ሲጠቀም እምብዛም አይታይም፤ የሳይንሱም መምህር ኤሷን የራሱ ጉዳይ አድርጎ አያያትም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናን ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ብዙ ምክንያት ተደርድሯል። አንዱን መርጬ ጥፋቱን ሁሉ ልጭንበት አልችልም። ግን ያ ፈተና የሚነበበው በእንግሊዝኛ ነው።

እኔን የሚያሳዝነኝ ምዘናው ነው። ከአራት ምርጫ አንዱን ማክበብ ሕጉን መለየትን ይለካል፤ ምንም የማያውቅም ከአራት አንዱን በዕድል ያገኛል። ልጅቷ ስትጽፍ ግን ማንም አማራጭ አያቀርብላትም። ተመራማሪዋ ጂን በርኮ እ.ኤ.አ. በ1958 ለሕፃናት የፈጠራ ቃላት ሰጥተው ነበር። እንዲህም ይጠይቁ ነበር፦ ይህ ሰው «ናዝ» ማድረግ ያውቃል፤ በየቀኑ ምን ያደርጋል? «ናዚዝ» ያለ ልጅ ቃሉን ከማንም አልሰማውም፤ ሕጉ ውስጡ አለ ማለት ነው። ይህን ለማድረግ ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃል። ብራውን ይቆጥሩበት የነበረውም ዘዴ ለማንም መምህር ይሆናል፦ ቅጥያዋ የግድ በምታስፈልግበት ቦታ ሁሉ ስንት ጊዜ ገባች? እሳቸው ተለምዳለች የሚሉት ከመቶ ዘጠና ስትደርስ ነበር። በእህቴ ልጅ አንቀጽ ውስጥ ሰባት ቦታ ታስፈልግ ነበር፤ ሁለት ቦታ ገብታለች። በሚቀጥለው ወር አራት ቦታ ብትገባ ልጅቷ ማደጓን ራሷ ታያለች፤ «አታውቂም» ከሚለው ማስታወሻ ግን ምንም አይታይም።

ስድሳ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ይህ እንዴት ይሆናል ይሉኛል መምህራን፤ እውነታቸውን ነው። የሁሉንም ደብተር በየሳምንቱ ማረም አይቻልም። አሥር አሥር ደብተር በየተራ መሰብሰብ ግን ይቻላል፤ አምስት ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ነገር ብቻ የሚታረምበት። የስምንተኛ ክፍል ፈተና አውጪዎችም ከምርጫው ጎን ሦስት መስመር ጽሑፍ ቢጠይቁ ክፍሉ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ተከትሎ ይለወጣል፤ መምህር የሚያስተምረው የሚፈተነውን ነውና።

ትናንት ማታ አንቀጹን እንደገና ጻፈችው። «ሊቭስ» ላይ ኤሷ ገብታለች። ቡናው ጋ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አቁማ ቀና አለች።

«አክስቴ፣ እማማን ‹ሺ› ልበላቸው?»