የጡረታ መብት የሚጠበቀው በሥራ ዘመን ነው

እንጅባራ፦ “ጡረታ” የሚለው ቃል “መጦር” ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ጉልበት ሲደክም ማብላት፣ ማልበስና መደገፍ ማለት ነው። ሽማግሌዎች ሲመርቁ “ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ” የሚሉትም ለዚህ ነው። በገጠር ጧሪው ልጅ ነው፤ ልጅ የሚጦረውም በመሬቱ ላይ ነው። ለደመወዝተኛው ግን ጧሪው በሥራ ዘመኑ በየወሩ የተቆረጠው መዋጮና የተመዘገበው የአገልግሎት ዘመን ነው።

በአዊ ብሔረሰብ አሥተዳደር ሁለቱም አሉ። በእንጅባራና በዳንግላ ከተሞች መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ይኖራሉ። በየቀበሌው የግብርና ባለሙያዎች ተመድበው ይሠራሉ። በጃዊ ወረዳ የስኳር ፋብሪካ አለ። ከነዚህ ጎን በወፍጮ ቤት፣ በሆቴል፣ በእንጨት ሥራና በሱቅ ተቀጥረው የሚያድሩ ብዙዎች ናቸው። የሚበዛው ሕዝብ ግን ገበሬ ነው። ሁሉም እኩል ያረጃሉ፤ የጡረታ ሕጉ ግን ሁሉንም እኩል አያገኛቸውም።

ሁለት አዋጆች

በኢትዮጵያ ዘመናዊው የጡረታ ሥርዓት በሕግ የተደነገገው በንጉሡ ዘመን፣ በ1950ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት መንግሥትን ያገለገሉ ሰዎች በደመወዝ ወይም በጡረታ ፈንታ “ማደሪያ” የሚባል መሬት ይሰጣቸው ነበር። አዲሱ ሥርዓት መሬትን በገንዘብ መዋጮ ተካው፤ ይሁን እንጂ ለረጅም ዘመን የጠቀመው የመንግሥት ሠራተኛውን፣ ወታደሩንና ፖሊሱን ነው። ከ1967 ወዲህም መንግሥት የወረሳቸው ድርጅቶች ሠራተኞች ተጨመሩበት።

የግል ድርጅት ሠራተኞች በሕግ ሽፋን ያገኙት በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው። በዚያው ዓመት የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 714/2003 ተሻሽሎ ወጣ። ሁለቱም በ2014 በአዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ተተክተዋል። ሥራውን የሚመሩትም ሁለት የፌዴራል ተቋማት ናቸው፤ አንዱ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አሥተዳደር ሲኾን ሌላው የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አሥተዳደር ነው። የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ሠራተኞች የሚታቀፉት በመጀመሪያው ነው።

18 በመቶው ከየት ይመጣል?

መዋጮው የሚሰላው በመደበኛው የወር ደመወዝ ላይ ነው። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ ቀጣሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ በድምሩ 18 በመቶ ይኾናል። ለመከላከያና ለፖሊስ አባላት የመንግሥት ድርሻ 25 በመቶ ይደርሳል። አበልና የትርፍ ሰዓት ክፍያ በስሌቱ አይገቡም። ስለዚህ ደመወዙ አነስተኛ፣ አበሉ ከፍተኛ የኾነ ሠራተኛ በሥራ ላይ ሳለ የተሻለ ቢኖርም ጡረታው በትንሹ ደመወዝ የተመሠረተ ይኾናል።

ወር ደመወዙ 8 ሺህ ብር የኾነ ሠራተኛን እንውሰድ። ከደመወዙ 560 ብር ይቆረጣል፤ ቀጣሪው 880 ብር ይጨምርበታል፤ በስሙ በየወሩ 1 ሺህ 440 ብር ገቢ ይኾናል ማለት ነው። ቀጣሪው የወረዳ መሥሪያ ቤት ከኾነ 880 ብሩ የሚወጣው ከወረዳው በጀት ነው። አንድ ወረዳ 100 ብር ደመወዝ ለመክፈል 111 ብር መያዝ አለበት። የመምህራንና የባለሙያዎች ቁጥር ሲጨምርም ሆነ ደመወዝ ሲሻሻል ይህ ወጪ አብሮ ያድጋል።

ጡረታው እንዴት ይሰላል?

መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው በሕይወቱ ሙሉ በየወሩ አበል ያገኛል። ከ10 ዓመት በታች ያገለገለ ሰው መውጫ ዕድሜው ሲደርስ የሚያገኘው አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው።

የአበሉ ስሌት ሁለት ነገር ይይዛል። የመጀመሪያው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ሁለተኛው የአገልግሎት ዘመን ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ከአማካዩ 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ለመከላከያና ለፖሊስ አባላት የዓመቱ ጭማሪ 1.65 በመቶ ነው።

30 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 30 በመቶ እና ለተጨማሪዎቹ 20 ዓመታት 25 በመቶ፣ በድምሩ 55 በመቶ ያገኛል። አማካይ ደመወዙ 8 ሺህ ብር ቢኾን የወር አበሉ 4 ሺህ 400 ብር ይኾናል። 70 በመቶ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። የግል ድርጅት ሠራተኞች መዋጮ የተጀመረው በሐምሌ 2003 ስለኾነ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለማቋረጥ የከፈለ ሰው በ2018 መጨረሻ 15 ዓመት ይሞላዋል፤ ድርሻውም 36.25 በመቶ ነው። ቀድሞ በመንግሥት ሥራ ያገለገለ ሰው ግን ያ ዘመን ይደመርለታል፤ የድሮውን ማስረጃ መጣል የማይገባውም ለዚህ ነው።

የሦስት ዓመቱ አማካይ ሌላ ውጤት አለው። በመስከረም 2018 የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ሲሻሻል ዝቅተኛው ከ4 ሺህ 760 ወደ 6 ሺህ ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው በቅርቡ ጡረታ የሚወጣውን ሠራተኛ የሚጠቅመው በከፊል ነው። ለምሳሌ ከመውጣቱ በፊት 24 ወር በ6 ሺህ ብር፣ የመጨረሻዎቹን 12 ወራት በ9 ሺህ ብር የሠራ ሰው አማካዩ 7 ሺህ ብር ነው። 30 ዓመት ያገለገለ ከኾነ አበሉ 3 ሺህ 850 ብር ይኾናል። ሦስቱንም ዓመት በ9 ሺህ ብር የሠራው ግን 4 ሺህ 950 ብር ያገኛል። ከማሻሻያው ቀድሞ የወጣው ደግሞ አበሉ ከደመወዝ ጋር በራሱ አያድግም፤ የሚስተካከለው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ውሳኔ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት እኩል ዘመን ያስተማሩ ሁለት መምህራን በተለያየ ዓመት በመውጣታቸው ብቻ የተለያየ አበል የሚቀበሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ገንዘቡ የት ይቀመጣል?

መዋጮው የሚገባው በሕግ ወደተቋቋመ የጡረታ ፈንድ ነው። ፈንዱ ሊውል የሚችለው ለጡረታ ክፍያና ለአሥተዳደሩ ወጪ ነው። ቀሪው በግምጃ ቤት ሰነድና አስተማማኝ ትርፍ ባለው ኢንቨስትመንት እንዲውል ሕጉ ይፈቅዳል። ለብዙ ዓመታት የፈንዱ ገንዘብ በአብዛኛው የዋለው መንግሥት ለአጭር ጊዜ በሚበደርበት የግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ነው፤ የሰነዱ ወለድም ከዋጋ ንረቱ በታች ነበር። በ2014 የሀገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ሲደርስ በዝቅተኛ ወለድ የተቀመጠ ብር የመግዛት አቅሙ ተሸርሽሯል።

ይህ ለጡረተኛው ምን ማለት ነው? አበሉ የሚሰላው በደመወዝና በአገልግሎት እንጂ በፈንዱ ትርፍ ስላልኾነ የወለዱ ማነስ የወር አበሉን ወዲያው አይቀንስበትም። ነገር ግን ፈንዱ በደንብ ካላደገ ለጡረተኞች ማስተካከያ የማድረግ አቅሙ ይጠባል። ጉድለቱን ለመሸፈንም ያለው አማራጭ የሠራተኛውን መዋጮ መጨመር ወይም ከመንግሥት በጀት መውሰድ ነው። ለመንገድና ለውኃ የሚውለው በጀትም ያው ስለኾነ ነገሩ ጡረታ የሌለውን ገበሬ ጭምር ይመለከታል።

መብት የሚጓደለው የት ላይ ነው?

የጡረታ ችግር ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ሠራተኛው 60 ዓመት ሲሞላው ነው። የሚፈጠረው ግን ከዓመታት በፊት ነው።

የመጀመሪያው ችግር ተቆርጦ ገቢ ያልኾነ መዋጮ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዋጮው በፋይናንስ ጽሕፈት ቤት በኩል ስለሚተላለፍ ክፍተቱ ጠባብ ነው። በግል ድርጅት ግን ቀጣሪው ሠራተኛውን ማስመዝገብ፣ 7 በመቶውን መቁረጥና የራሱን 11 በመቶ ጨምሮ በየወሩ ገቢ ማድረግ አለበት። መዋጮውም ብዙ ጊዜ ከደመወዝ ግብር ጋር በገቢዎች ተቋማት በኩል ሲሰበሰብ ቆይቷል። ቀጣሪው ሳይቆርጥ ቢቀር ዕዳው የራሱ ነው። ሕጉ ከቀጣሪው የባንክ ሒሳብ ጭምር ውዝፉን ማስከፈል ይፈቅዳል። ሠራተኛው ሊያደርገው የሚገባው የጡረታ መለያ ቁጥሩን መያዝ፣ የደመወዝ መክፈያ ሰነዱን ማስቀመጥና በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ መዋጮው በስሙ መግባቱን መጠየቅ ነው። ድርጅቱ ከተዘጋ በኋላ መጠየቅ በጣም ይከብዳል።

ሁለተኛው የልደት ቀን ነው። የጡረታ ዕድሜ የሚቆጠረው ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር ባስመዘገበው የልደት ቀን ነው፤ በኋላ ማስቀየር አይቻልም። በሀገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ በመኾኑ ዛሬ ጡረታ የሚወጡት አብዛኞቹ በግምት የተመዘገቡ ናቸው። አዲስ የሚቀጠር ወጣት በመጀመሪያው ቅጽ ላይ የሚሞላው ቀን ከ35 እና 40 ዓመት በኋላ የሚወስንበት መኾኑን ማወቅ አለበት።

ሦስተኛው የተተኪዎች ማስረጃ ነው። ጡረተኛ ሲሞት የትዳር ጓደኛው የአበሉን 50 በመቶ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ የማግኘት መብት አላቸው። በሽማግሌ ፊት የተፈጸመ ትዳር እውነተኛ ትዳር ነው፤ ነገር ግን ካልተመዘገበ ባል የሞተባት ሴት በሐዘኗ ላይ በምስክርና በፍርድ ቤት ማስረጃ ትደክማለች። ጋብቻን፣ ልደትንና ሞትን በቀበሌ ማስመዝገብ የሚያስፈልገው ለዚህ ጭምር ነው። ጥያቄው የይርጋ ጊዜ ስላለው ሳይዘገዩ ማቅረብ ይገባል። በውሳኔው ያልተስማማ ሰው ደግሞ ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አቤት ማለት ይችላል።

ገበሬውን ማን ይጦረዋል?

ሕጉ መደበኛ ባልኾነ ሥራ የተሰማሩ ሰዎች በፈቃዳቸው እንዲታቀፉ በር ይከፍታል። ሥርዓቱ የተሠራው ግን በወር ደመወዝ ላይ ነው። ገበሬ የወር ደመወዝ የለውም፤ 11 በመቶ የሚጨምርለት ቀጣሪም የለውም። ገቢው የሚመጣው ድንች፣ ገብስ ወይም ጤፍ ሲደርስ ነው። በስኳር ፋብሪካና በእርሻ ልማት በወቅት የሚሠራ የቀን ሠራተኛም የተቋረጠ ዘመኑ 10 ዓመት ሳይሞላ ሊያረጅ ይችላል።

ስለዚህ የአዊ ገበሬ ጡረታውን በራሱ መንገድ ሲያበጅ ኖሯል። በፋግታ ለኮማ ወረዳ የሚተከለው ዲከረንስ አንዱ ነው። በጥቂት ዓመታት ደርሶ ለከሰል ስለሚቆረጥ ጉልበት ለሌለው ሰው እንደ ባንክ ኾኖ አገልግሏል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዛፉን ያጠቃው የዝገት በሽታ ግን የእርጅና ስንቅን በአንድ ዛፍ ላይ ብቻ መጣል አደጋ እንዳለው አሳይቷል። ሌላው መሬት ነው። የአማራ ክልል የገጠር መሬት ሕግ አቅመ ደካማ ባለይዞታ መሬቱን እንዲያከራይ፣ ለሚጦረው ሰውም በስጦታ ወይም በኑዛዜ እንዲያስተላልፍ ይፈቅዳል። ይህ ጥበቃ የሚሠራው ውሉ በጽሑፍ ኾኖ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሲመዘገብ ነው። በቃል የተደረገ “ጡረኝና ውረሰኝ” ብዙ ጊዜ መጨረሻው ክርክር ነው።

ሌሎች ሀገራት ለገበሬ የሚመች መንገድ ሞክረዋል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2018 “ኤጆ ሄዛ” የተባለ የረጅም ጊዜ ቁጠባ ጀምራለች። ገበሬውም ነጋዴውም በፈቃዱ፣ በአቅሙ፣ በስልክም ጭምር ይቆጥባል፤ ለአነስተኛ ገቢ ቆጣቢዎች መንግሥት ይጨምርላቸዋል። በኢትዮጵያ ገጠር እንዲህ ያለ ሥርዓት ሊጀመር ቢታሰብ መዋጮው ከወር ይልቅ ከመኸር ጋር እንዲሄድ ማድረግ ያስፈልጋል።

እስከዚያው ድረስ ለደመወዝተኛውም ለገበሬውም የሚሠራው ምክር ተመሳሳይ ነው። የእርጅና ዋስትና በቃል አይጸናም። ለሠራተኛው የመዋጮ ማስረጃው፣ ለገበሬው የተመዘገበው የመሬት ውል፣ ለሁለቱም የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት ጉልበትና አንደበት ሳይደክሙ መዘጋጀት አለባቸው።