ሳይነበብ የተዘጋ ፋይል

ኮምፒውተር ከሚታዘዝባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሀስኬል ነው። የመጀመሪያው መግለጫ የወጣው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። ጠባዩ ምንድን ነው ቢሉ፣ መልሱ ካልተፈለገ ስሌቱን አይጀምርም። ይህም «ሌዚ ኢቫሉዌሽን» ይባላል። የማያስፈልግ ሥራ ስለሚያስቀር ጥቅሙ ቀላል አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው ተከፍቶ መዘጋት ያለበት ነገር ሲኖር ነው። የተማሪዎች ውጤት የያዘ ፋይል አለ እንበል። ፕሮግራሙ ፋይሉን ይከፍታል፣ «አንብብ» ይባላል፣ ይዘጋል፤ ከዚያ አማካዩን ሊያሰላ ይነሣል። ነገር ግን «አንብብ» ሲባል ምንም አላነበበም! የያዘው «ሲያስፈልግ አነባለሁ» የሚል ቀጠሮ ብቻ ነው። ቤተ መጻሕፍት ገብቶ መጽሐፉን ሳይገልጥ ወጥቶ፣ በሩ ከተቆለፈ በኋላ ላንብብ ብሎ እንደሚመጣ ሰው ማለት ነው።

ጂ.ኤች.ሲ በተባለው የሀስኬል ማቀናበሪያ የቀድሞ እትሞች እንዲህ ሲሆን ባዶ ጽሑፍ ዝም ብሎ ይመጣ ነበር፤ የኋለኞቹ ስሕተት መሆኑን ይናገራሉ። ዝም ያለው ይብሳል። የተማሪው ውጤት ሲጎድል ማን ያውቃል?

ታዲያ ባንዘጋስ? ተከፍተው የተተዉ ፋይሎች ሲበዙ ከተፈቀደው ቁጥር ያልፉና ፕሮግራሙ ይቆማል።

መፍትሔው ሁለት ነው፦
1ኛ/ ፋይሉ ትንሽ ከሆነ ከመዝጋት በፊት ሙሉውን ማንበብ፤
2ኛ/ ትልቅ ከሆነ በመክፈቻውና በመዝጊያው መካከል ጥቂት በጥቂት እያነበቡ ስሌቱን እዚያው መጨረስ።

እንግዲህ የሚዘጋው ሥራው ሲታዘዝ ሳይሆን ሲፈጸም ነው።